የሱሪናሟ ጥንዚዛና የአቶ ባዩ ልጅ

ለምወድዎ፣ ለማከብርዎና ዛሬ ለማስቆጣዎ አባቴ ለአቶ አድማሴ፦

እንደምን ከረሙ አባባ? ያ ቀኝ ጉልበትዎ የደብረ ብርሃንን ብርድ አሁንም ከሁሉ አስቀድሞ ያውቃል? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ይህን ራስዎ እያነበቡት ነው ወይስ አበጋዝ እያነበበልዎ? አበጋዝ ከሆነ፣ አንተ ልጅ፣ መሐል ላይ ደርሰህ እንዳትዘል፤ የማይነበብ የመሰለህን ቦታ ሁሉ ጮክ ብለህ አንብብ። እማዬስ እንዴት ናት? ደም ግፊቷ ተመለሰላት? ጨው ተዪ የተባለችውን ትታለች ወይስ ሐኪሙ ፊት ብቻ ነው የምትተወው? እህቴ ብዙወርቅ በሰላም ተገላገለች? ወንድ ነው ሴት? እኔ ደህና ነኝ። አልታመምኩም፣ አልከሳሁም፣ ብርዱንም እየተሳደብኩ አልፌዋለሁ። ናፍቆታችሁን ግን ለመድኩት ብዬ አልዋሽም።

ከፋሲካ በኋላ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከታች ካለው የፖስታ ሣጥን ያመጣችልኝ ዘቢብ ናት፤ ዲመን ውስጥ ቤት የምንጋራው የአስመራዋ ልጅ፣ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው። ቆሜ ሳነብ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። «የሞተ የለም፣ ተድሬ ነው» አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ይህንንም እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የጻፉት ነገር ግልጽ ነው። አቶ ባዩ ሽማግሌ ልከዋል፣ እርስዎም ቃል ሰጥተዋል። ልጃቸው አሳምነው ሮተርዳም አጠገብ ሆግቭሊት የሚባል ሠፈር ይኖራል፣ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ጥሩ ሥራ አለው፣ ቤት አለው፣ መኪና አለው። እንግዲህ እኔ ያንን ትል ለቀማ ትቼ በሐምሌ ላገባው ነው። ገባኝ አባባ። መልሴን እስከ መጨረሻው አላስጠብቅዎም። አንደኛ፣ ትል አይደለም፣ ጥንዚዛ ነው። ሁለተኛ፣ ለቀማ አይደለም፣ እርስዎ ራስዎ ዩኒቨርሲቲ ልከው ያስጀመሩኝ ትምህርት ነው። ሦስተኛ፣ አሳምነውን አላገባውም። ይኸው፣ ተናገርኩት። አሁን ወንበርዎን ሳብ አድርገው የቀረውን ያንብቡ፤ ዕድሜዎን ሙሉ ዳኛ ነበሩና የተከሳሽን ቃል ሳይሰሙ አይፈርዱም። ይህን ፖስታ መንገድ ላይ የሚከፍቱ ሌሎች ሰዎች ካሉም ለነሱም ጤና ይስጥልኝ፤ እዚህ ውስጥ ያለው የጥንዚዛና የጋብቻ ነገር ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ ስለ ጥንዚዛዋ በወጉ ነግሬዎ ስለማላውቅ ቢንቋት አይፈረድብዎም። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ሱሪናም የሚባል። ያ አገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሆላንዶች ይገዙት ስለነበር ከወንዙ የተለቀመው ሁሉ እዚህ አምስተርዳም መጥቶ፣ አልኮል ውስጥ ተነክሮ፣ እኔ በምሠራበት ሙዚየም ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። ከጤፍ ትበልጣለች፣ ከስንዴ ታንሳለች። ጥቁር ናት፣ ጀርባዋ ላይ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ አላት። ኑሮዋ ውኃ ውስጥ ነው፣ ግን ጉድ እኮ ነው፣ መዋኘት አትችልም! ወንዙ እየጋለበ ሲወርድ ድንጋዩን በጥፍሯ ጨምድዳ ይዛ፣ ሆዷ ላይ ባለው ጠጉር አየር አቅፋ እየተነፈሰች ትኖራለች። ጥፍሯን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ያቺ ሚጢጢ ፍጥረት ይህን ሁሉ ምን ታደርግበታለች ብሎ ይገረማል። እኔ ገና ያየኋት ቀን ወደድኳት። ምን ላድርግ፣ ወደድኳት።

የኛ ሥራ መለየት ነው። ይህች ከየትኛው ወገን ናት፣ ስም አላት ወይስ ገና ስም ያልወጣላት ናት ብሎ መመርመር። አለቃዬ ዶክተር ቴርፕስትራ የሚባሉ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ድሮ ስም የወጣለት አንድ ዝርያ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ሲያዩአቸው እውነትም አንድ ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ በአንድ ሳገላብጣቸው ከረምኩና አንዳንዶቹ የሆዳቸው ጠጉር እስከ ጭናቸው ሲደርስ የሌሎቹ መንገድ ላይ እንደሚቀር አየሁ። ይህ ብቻውን ግን አያስረታም፤ ወንድምና እህትም በቁመት ይለያያል። እንዲህ ያለውን ጥንዚዛ ከመሰሉ ቁርጥ አድርጎ የሚለየው ማስረጃ፣ ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ የወንዱ ብልት ነው። አበጋዝ፣ አትዝለል ብዬሃለሁ! የየዝርያው ወንድ የራሱ ቅርጽ አለው። ጥንዚዛውን በሞቀ ውኃ ያለሰልሱታል፣ በቀጭን መርፌ ስበው ያወጡታል፣ መስታወት ላይ አኑረው በማይክሮስኮፕ እያዩ ይስሉታል። የኔዎቹን ባወጣሁ ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ የታወቀው ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ የኔው ደግሞ እንደ ማጭድ የታጠፈ። ሌላ ዝርያ ነው! ማንም ስም ያላወጣለት። ከወንበሬ ብድግ ብዬ እልልታዬን ሳቀልጠው ጎረቤት ክፍል ያሉት ሰው የተቃጠለ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

ባለፈው ጥቅምት ይህን ሁሉ በአዋቂዎች ፊት ቆሜ እንዳስረዳ ቀን ተቆረጠልኝ። ቀልድ አልነበረም። ከተቀበሉኝ ረዳት ተመራማሪ ሆኜ እቀጠራለሁ፣ ካልተቀበሉኝ ውሌ ያልቃል፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ከውሌ ጋር አብሮ ያልቃል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፈረንጅ የማይሠራውን ስሕተት የሠራሁት። ፈረንጅ ለእንዲህ ያለው ቀን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ብቻውን ይመጣል። እኔ ግን ሰው በትልቅ ቀኑ ያለ ዘመድ አይቆምም ተብዬ ያደግሁ ነኝ፤ ወገን የላትም እንዳልባል ከሄግ አቶ ሽባባውን ጠራሁ። ያው ፍርድ ቤት አብረውዎት የሠሩትን፣ እዚህ አገር በእርስዎ ቦታ የማያቸውን። እሳቸው ደግሞ ሁለት ብንሆን ያምራል ብለው አሳምነውን አስከትለው መጡ፤ ያን ጊዜ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አላውቀውም። ሁለቱም ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ግጥም አድርገው ፊት ረድፍ ላይ፣ ከአለቃዬ ጎን፣ ቁጭ አሉ።

ስለ ጥፍሯ ተናገርኩ፣ ስለ ጠጉሯ ተናገርኩ፣ ስላይዱም ግድግዳው ላይ እየተቀያየረ ሄደ። የወንዱ ሥዕል ተራ ሊደርስ ሲል ዓይኔ አቶ ሽባባው ላይ አረፈ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብለው፣ ኩራት በኩራት ሆነው ያዩኛል። አቃተኝ አባባ! ያንን ነገር ግድግዳ ሙሉ አድርጌ፣ በዘንግ እየጠቆምኩ፣ በአባቴ ባልንጀራ ፊት? መቀየሪያውን ቶሎ ቶሎ ተጭኜ ዘለልኩት። ዶክተር ቴርፕስትራ «ወንዱስ?» ብለው ጠየቁኝ። «ገና አልተዘጋጀም» አልኩ። ሥዕሉ በእጄ እያለ! እሳቸውም አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለ ወንዱ ማስረጃ አዲስ ዝርያ ነው ሊባል አይችልም፣ የጠጉር ማነስና መብዛት ነው ተባለ፣ አለቀ። አልፈርድባቸውም፤ በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር።

ደጃፉ ላይ አቶ ሽባባው ግራና ቀኝ ጉንጬን ሳሙኝ። የሆነው ነገር ስላልገባቸው «አኮራሽን» አሉኝ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሳምነው ግን ሆላንድኛው ገብቶታል፤ «አይዞሽ፣ ይሄ ሥራ እንኳን ቀረብሽ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይደውላል፣ በበዓል ቀን ይመጣል፣ ሻንጣ የሚሸከም ሲጠፋ እሱ ይገኛል። ቤት ገብቼ ነገሩን ለዘቢብ ስነግራት ግን ጭንቅላቷን ያዘች። እሷ ሽማግሌና አሮጊት ስታጥብ የምትውል ልጅ ናት። «እኔ የሰው አባት ገላ ዓይኔን ጨፍኜ የማጥብ ይመስልሻል? አንቺ በጥንዚዛ አፍረሽ ከአገር ልትባረሪ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ተናደድኩባት፣ ሁለት ቀንም አኮረፍኳት፣ ግን እውነቷን ነው።

በኩርፊያዬ መሐል ያሰብኩት ስለ እርስዎ ነው። ልጅ ሳለሁ ምሳዎን ላደርስ እየመጣሁ በችሎቱ መስኮት አጮልቄ አይ ነበር። አንድ ቀን የተደፈረች ሴት ቀርባ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ቃል አልወጣት አለ። እርስዎ ተመልካቹን ሁሉ አስወጡና «ልጄ፣ ነገሩን በስሙ ካልጠራሽልኝ ልፈርድልሽ አልችልም» አሏት። ሴትየዋም እያለቀሰች በስሙ ጠራችው፣ እርስዎም ፈረዱላት። እኔ ምሳ ዕቃውን ታቅፌ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ እኔን ምን ነካኝ? ያቺ ምስኪን የገዛ ገላዋን ነገር በዳኛ ፊት ተናገረች፤ እኔ የሩቅ አገር ጥንዚዛ ነገር አሳፈረኝ? እንግዲህ አሁን ብልግና ተማረች ብለው እንዳይቆጡኝ፤ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ምን አደርጋለሁ።

ለዶክተር ቴርፕስትራ እውነቱን ነገርኳቸው። ሥዕሉ እንደነበረ፣ ያፈርኩትም በአባቴ ባልንጀራ ፊት እንደሆነ። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ግን አልሳቁብኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። በጥር ሄግ ላይ ነፍሳት የሚያጠኑ ሰዎች ስብሰባ አለና እዚያ ሁሉንም አቅርቢ አሉኝ፣ ውሌንም እስከዚያ አስረዘሙልኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ዕድል አይኖርም። ለአቶ ሽባባው ስልክ ደውዬ በዚህኛው እንዳይመጡብኝ፣ ለአባት የማይታይ ነገር እንደማሳይ ነግሬ ለመንኳቸው። «እኔ ካለሁበት ከተማ መጥተሽ ያለ ሰው ልትቆሚ? ሞቻለሁ እንዴ?» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ። መጡም። አሳምነውንም ይዘውት መጡ፤ ከረባት እንደገና።

ተራዬ ደረሰና ቆምኩ። የወንዱ ሥዕል ሲመጣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሐል በአማርኛ «ጋሼ ሽባባው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ማሳየት አለብኝ» አልኩ። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው አጠፉት፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና እንደ በፊቱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ያለ መነጽር እኮ የገዛ እጃቸውንም አያዩ! ተነስተው ወጥተው አላሳፈሩኝም፣ እኔንም በዓይናቸው አላስጨነቁኝም። ያኔ ልቤ ሞላ። ግድግዳ ሙሉ አደረግኩት አባባ። በዘንጉ እየጠቆምኩ ጫፉን፣ ጎኑን፣ እጥፋቱን በየስሙ ጠራሁት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሆላንድኛ። የታወቀውንም ከጎኑ አድርጌ ፍረዱ አልኳቸው። ስጨርስ ዶክተር ቴርፕስትራ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተሳስቼ ነበር፣ አዲስ ዝርያ ነው አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አሉ። አቶ ሽባባውም ጭብጨባውን ሲሰሙ መነጽራቸውን አድርገው ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ።

አሳምነው ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ተለወጠብኝ። እሑድ ሆግቭሊት ምሳ ጋበዘኝና ዘቢብን ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ዶሮውንም ራሱ ነው የሠራው፣ ሐሰት አልናገርም። በልተን ስናበቃ እንደሚፈልገኝ ነገረኝ፤ እሱስ ይሁን፣ ደንብ ነው። ቀጠለና ሚስቱ ከሆንኩ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ በሰው ፊት እንዳላወራ አለ። ይባስ ብሎ ሠርጉ ጽሑፉ ሳይታተም መሆን አለበት አለኝ። ምነው? ጥንዚዛ ስም ሲወጣላት ከስሟ ቀጥሎ ስም ያወጣላት ሰው መጠሪያ ይጻፋል፤ የሳይንሱ ደንብ ነው፣ ለኛ ሲሆን የአባታችን ስም ማለት ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች። እንግዲህ አሳምነው ከተጻፈ አይቀር በኔ ስም ይጻፍ፣ የአገሩ ወግ ነው ብሎኝ እርፍ!

አሁን ይሄ ይባላል? ሲነገር ያፈረበትን ነገር ሲጻፍ ሊኮራበት! አፌ ላይ ቁልፍ ሊያደርግ ሲፈልግ የአገር ቤት ጨዋ ነው፣ ስሙን ሊያስጽፍ ሲፈልግ ሆላንዳዊ ነው። እኔ አንዱንም አልሆንለትም። በኛ አገር ሴት ልጅ አግብታም ወልዳም አርጅታም የአባቷ ልጅ ናት። እማዬ እርስዎን አግብታ ስንት ዘመኗ፣ አንድ ቀን የአባትሽን ስም ጣይ ብለዋታል? ይሞክሩና ያዩዋት ነበር! ይህንኑ ነግሬው፣ ስለ ዶሮው አመስግኜው፣ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ዘቢብ ግን የቀረውን ወጥ በሣህን አስጠቅልላ ነው የወጣችው፣ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም።

ስለዚህ አባባ፣ የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ እኔ እምቢ ካልኩት በኋላ ነው። እኔ በር ስዘጋበት በአባቱ በኩል ዞሮ በእርስዎ በር ገባ ማለት ነው፤ ይህን ለእርስዎ የነገረዎ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢነግሩዎ ኖሮ ቃል አይሰጡም ነበር ብዬ አምናለሁ። ደግሞ ሰው ይስቅብኛል ብለው ጽፈዋል። ይሳቅ! ሳቁ ሲያልቅበት ወደ ቤቱ ይገባል፤ እኔ ግን የማልፈልገውን ሰው አግብቼ ወደየት ቤት እገባለሁ? ከአቶ ባዩ ጋር አንድ ዕድር፣ አንድ ደብር እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በየሳምንቱ ፊት ለፊት ስትገናኙ ቃል አጥፊ ሆነው መቆምዎን በቀላል አላየውም። ቢሆንም ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት፣ ኑሮውን የምኖረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሳልጠየቅ በተሰጠ ቃል አልታሰርም። እረግምሻለሁ ቢሉኝም አላገባውም። እንደማይረግሙኝም አውቃለሁ።

አንድ የቀረ ነገር ልንገርዎ። ረዳት ተመራማሪ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ፣ ጽሑፉም ባለፈው ሳምንት ታትሞ ወጣ። ጥንዚዛዋን በላቲን ቴናክስ አልኳት፣ አጥብቆ ያዥ እንደማለት ነው፤ ዘቢብ ስለ ራስሽ ነው ብላ ትስቅብኛለች። ከስሟ ቀጥሎ «አድማሴ፣ 1982» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከእንግዲህ ብራዚልም ይሁን ጃፓን ይህችን ጥንዚዛ በወጉ የሚያነሳ አዋቂ ሁሉ የእርስዎን ስም አብሮ ይጽፋል። ደንቡን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አንዴ ታትሞ ከወጣ እኔም ልፍቀው አልችልም፣ ባልም አይለውጠውም። ለአቶ ባዩ የሰጡት ቃል ሊመለስ ይችላል አባባ። እኔ ለጥንዚዛዋ የሰጠሁት ስምዎ ግን አይመለስም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ጨዋማ ነገር ስትበላ ካያችኋት ከእጇ ቀሙልኝ። ለብዙወርቅና ለሕፃኑ፣ ወይም ለሕፃኗ፣ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ስም ካላወጣችሁለት ጠብቁኝ፣ አሁን ስም ማውጣት ሥራዬ ነው። አበጋዝ፣ ሳትዘል እዚህ ከደረስክ ጎበዝ ነህ፤ ከዘለልክ ግን ተመለስና አንብብ። የአቶ ሽባባው እህት ለሆኑት ለጎረቤታችን ለእትዬ ውድነሽም ሰላም በሉልኝ፤ ወንድማቸው ከኔ ይልቅ ብዙ ይናፍቋቸዋል። ለአቶ ባዩም ከነቤተሰባቸው የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሱልኝ። እምቢታዬን ግን እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አባቴ ሆነው።

ልጅዎ
ይመኙሻል አድማሴ

ዲመን፣ አምስተርዳም አጠገብ
ግንቦት 21 ቀን 1974 ዓ.ም.